«ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ገንዘቤ ቀልጦ ቀረ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት የሆነ አልፋ ሮሜዮ 166፣ ባለ 2.4 የናፍጣ ሞተር፣ በ1,350,000 ብር ገዛሁ። የሻጩ የቴሌግራም ማስታወቂያ «ዲፕሎማት የነዳት፣ 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች» ይላል። ውሉን ደላላው ቢሮ ተፈራረምን። ዋጋው «ታክስ እንዳይበዛ» ተብሎ 600,000 ተጻፈ። 1,000,000 ብር በባንክ ለሻጩ አስገባሁ፣ ቀሪውን በጥሬ ብር ሰጠሁት። ሊብሬው ውጭ አገር ባለ ሌላ ሰው ስም ነው። ሻጩ ከዚያ ሰው ያገኘውን ውክልና ለእኔ አስተላለፈልኝና ስም ዝውውሩን «ቀስ ብለህ ታደርሰዋለህ» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከአያት ወደ ጣፎ ስመለስ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። መካኒኩ ታይሚንግ ቤልቱ ተበጥሶ ቫልቮቹ ታጥፈዋል ይላል። በዚሁ መሃል ከወንበር ሥር በጣሊያንኛ የተጻፈ የሰርቪስ ደብተር አገኘሁ። የመጨረሻው ማኅተም በ2013 (እ.ኤ.አ.) 187,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የደብተሩን ፎቶ ለሻጩ ብልክለት «አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ መለሰልኝ። ውሉም «መኪናውን አይቼና አስመርምሬ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ይላል። መካኒኩ የቶዮታ ሞተር ግጠምበትና ንዳው እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ለመካኒኩ ይደውሉና «እጅህን አንሳ» ይበሉት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ከሆነ እንደወረደ ይቀመጥ፤ ካልወረደም አይውረድ። የተበጠሰው ቤልት፣ የታጠፉት ቫልቮች፣ የወጣ ብሎን ሳይቀር ማዳበሪያ ውስጥ ይግባና አፉ ይታሰር። ቀን ይጻፍበት፤ ሲታሰርም በስልክዎ ይቅረጹት። ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ማለት ቆራሌው እስኪመጣ የሚቆይ ነገር ነው። ለእርስዎ ግን ማስረጃዎ እሱ ነው።

የቶዮታውን ሞተር ነገር ይርሱት። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የሰፈረ ስለሆነ ሞተር ሲቀየር ትራንስፖርት ቢሮ ቀርቦ ማስመዝገብ ግድ ነው። እዚያ ቀርቦ «መኪናዬ ነው» የሚለው ደግሞ ባለቤቱ ነው፤ እርስዎ ገና ባለቤት አልሆኑም፣ እመለስበታለሁ። ከዚያም በላይ ውሉ ፈርሶ ገንዘቤ ይመለስ ብለው ከከሰሱ መኪናውን እንደተረከቡት መመለስ ይጠበቅብዎታል። ሆዱ ውስጥ የቶዮታ ሞተር ያለ አልፋ ሮሜዮ ይዘው ቢቀርቡ ሻጩ ሌላ መከላከያ አያስፈልገውም።

መካኒኩ ክፋት አስቦ አይደለም። የጋራዦቻችን ቋንቋ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፤ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳ ሳይቀር። ቃሉ ቀረልን እንጂ መኪናው አልቀረልንም። «ካንዴላ» እያለ ያደገው መካኒክ እጁ የለመደው ቪትዝና ኮሮላ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። አንድ የማይወዱትን ነገር ላስቀድም፦ ቤልት መበጠሱ ብቻውን ሻጭን አያስጠይቅም። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና የሚገዛ ሰው የሚያልቅ ዕቃ ያልቃል ብሎ ነው የሚገዛው። ታይሚንግ ቤልት በኪሎ ሜትርና በዓመት ተቆጥሮ የሚቀየር ላስቲክ ነው፤ ሳይቀየር ቀርቶ ቢበጠስ ዳኛው «ስትገዛ ለምን አልቀየርክም?» ብሎ ቢጠይቅዎት አይፈረድበትም። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ቤልቱ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ያገኘዋል፤ የደረሰብዎት ይኸው ነው።

የእርስዎን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። 96 ሺህ የሄደ መኪና የገዛ ሰው ስለ ቤልቱ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ 200 ሺህን ያለፈ መኪና የገዛ ደግሞ ሌላ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ ነው ይላል። ስለዚህ ክስዎ «ቤልት ተበጠሰብኝ» ሳይሆን «96 ሺህ የሄደ መኪና ሸጠልኝ፣ የሰጠኝ ግን ሌላ ነው» የሚል ይሁን። የሞተሩ ጥገና ከዚያ የተከተለ ጉዳት ሆኖ ይጠየቃል።

ደብተሩ የዚህ መኪና መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የአልፋ ሮሜዮ ሻንሲ ቁጥር ዜድ፣ ኤ፣ አር በሚሉት ፊደላት ይጀምራል። ደብተሩ ላይ ያለውን ከሊብሬው፣ ሊብሬው ላይ ያለውን ደግሞ መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። አንዲት ቁጥር ብትለይ ያ ደብተር የሌላ መኪና ደብተር ነው፤ ያኔ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለከንቱ ነው።

ሻጩ አንድ ክርክር እንደሚያነሳ ካሁኑ ይወቁ፦ «ናፍጣው ነው ያበላሸው፣ ለገጣፎ ምን እንደቀዳ እኔ አላውቅም» ይላል። ይህ ሞተር ኮመን ሬል፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ነው። እንዲህ ያለውን የናፍጣ ሞተር በቤት መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያወጣው ራሱ አልፋ ሮሜዮ ነው፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.)፣ በ156 ሞዴሉ። ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ አይስማማውም፤ ክርክሩ ያሳምናል የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን ቆሻሻ ናፍጣ በመጀመሪያ የሚጎዳው ኢንጀክተርንና ፓምፕን ነው፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ቤልቱን የበጠሰው ናፍጣው አይደለም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት መካኒኮች በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ያድርጉ።

ቀጥሎ ጊዜ። ሕጉ ገዥ ዕቃውን እንደተረከበ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ፎቶውን የላኩበት የቴሌግራም መልእክት እዚህ ላይ ጠቅሞዎታል፤ «አይተህ ነው የገዛኸው» የሚለው መልስ ራሱ ሻጩ መልእክቱ እንደደረሰው ያረጋግጣል። ቢሆንም በዚያ ብቻ አልተማመንም። ዛሬውኑ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያዘጋጁ፤ ጉድለቱን በዝርዝር ይግለጹ፣ መጥቶ እንዲያይ ቀን ይስጡት፣ በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት። ማስታወቂያውንም ከነስሙና ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ይህ ጽሑፍ ደርሶት ካነበበ ማስታወቂያውን ለማጥፋት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለዎት (አንቀጽ 2298)። ሻጩ ሆን ብሎ አሳስቶዎት ከሆነ በዚህ ገደብ መጠቀም አይችልም። በማታለል የተደረገ ውል ይፍረስልኝ የሚለው ክስ ደግሞ የሁለት ዓመት ጊዜ አለው። ቀኑን ከሰማይ የወረደ ያህል ይቁጠሩት፤ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ሰው የሚያለቅሰው ብዙውን ጊዜ በሕግ ተሸንፎ ሳይሆን በቀን ተቀድሞ ነው።

«ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ደላላዎች ውል ላይ ሁሉ የምትገኝ ናት። አንዳንዱ እንደ ክታብ ነው የሚያምንባት። እርግጥ ተዋዋዮች ዋስትናን መቀነስ ወይም ማስቀረት ይችላሉ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ሐረጓ አታድነውም። ችግሩ «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቆጣሪውን ወደኋላ የመለሰው ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ራሱም ተታሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መኪናው እጁ የገባው መቼ እንደሆነ፣ በስንት እንደገዛው፣ የት ጋራዥ ያሳየው እንደነበር ያጣሩ። በሌላ በኩል ኪሎ ሜትሩን በማስታወቂያ የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ቆጣሪ መመለስ በዓይን አይቶ የሚታወቅ ነገርም አይደለም። «አስመርምሬ» የሚለው ቃል ግን ያሳስበኛል። በእውነት ባለሙያ አስይተው ነበር? ካላስዩ እውነቱን ለጠበቃዎ አሁኑኑ ይንገሩ፤ ችሎት ላይ አይስማው።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ የሚል ጥያቄ ሊመጣብዎት ይችላል። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል። ሻጩ እያወቀ እንዳታለለዎት ማስረዳት ካልቻሉ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ ሻጩም ያንን ወረቀት ይዞ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይቀርባል። እኔ ብሆን አልቸኩልም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው ልምጣ። ሞተሩ ነገ ቢጠገን እንኳ መኪናው የእርስዎ አይደለም። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ቢሞት ደግሞ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው አብሮት ያልቃል። አንድ ደንበኛዬ ለአራት ዓመት የነዳውን ፒክአፕ ወራሾች ናቸው ከእጁ የወሰዱበት፤ የሟችን ፎቶ እንኳ አይቶ አያውቅም ነበር። ባለቤቱ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው የሚያሳግደው ይህንኑ መኪና ነው። የእርስዎ ደግሞ የውክልና ውክልና ነው። ስለዚህ ዋናውን ውክልና አውጥተው ሁለት ነገር ያንብቡ፦ ተወካዩ ሌላ ሰው መወከል ይችላል ይላል ወይ? እርስዎስ በራስዎ ስም ማዛወር እንደሚችሉ በግልጽ ተጽፏል ወይ? ሁለተኛው ከሌለ በወካይ ስም ለራስዎ የሸጡት መኪና ወካዩ ሲጠይቅ ሊፈርስ ይችላል።

ባለቤቱን በስልክ ካገኙት አያስፈራሩት። በሕጋችን መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሌላ ሰው እየነዳውም ቢሆን። ጣፎ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ እሱ ውጭ አገር ሆኖ ነው የሚከሰሰው። ይህን በትሕትና ሲነግሩት ስም ማዛወሩን ከእርስዎ በላይ ይፈልገዋል።

«ዲፕሎማት የነዳት» የሚለውም ለጌጥ ብቻ የተጻፈ ላይሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ ይከፈልበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በአሮጌ መኪና ላይ ጨካኝ ነው። ሰሌዳው የተመዘገበበት ቢሮ ሄደው ፋይሉ ላይ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ውሉ ላይ «ሻጭ» ተብሎ በራሱ ስም የፈረመው ተወካዩ ነው፤ «በባለቤቱ ስም» አላለም። በራሱ ስም የሸጠ ሰው የማይነቃነቅ ባለቤትነት የማስተላለፍ ግዴታውም በራሱ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ፍለጋ አይንከራተቱም።

ዋጋው ግን ጣጣ አለው። የተፈረመ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ውሉ 600,000 ይላል። ጥሬ ብሩን ደላላው አይቷል ቢሉም ጽሑፍን በምስክር ቃል ማፍረስ ቀላል አይደለም። የባንክ ደረሰኙ ጽሑፍ ስለሆነ ከምስክሩ ይሻላል፤ ከውሉም በልጦ 1,000,000 ይላል። ስለዚህ በተስፋ ልናገር የምችለው ስለዚያ ሚሊዮን ነው፤ ስለ 350,000ው ቃል አልገባም። የዋጋውን ልዩነት ሲያነሱ ዋጋ አሳንሰው እንደፈረሙም እየመሰከሩ ነው፤ የታክሱ ጥያቄ ለእርስዎም እንደሚመጣ አይርሱ።

ክሱ በመርህ ደረጃ የሚቀርበው ሻጩ በሚኖርበት ነው። አዲስ አበባ ከሆነና ገንዘቡ ከ10 ሚሊዮን ብር በታች እስከሆነ ድረስ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ሸገር ከተማ ያለው ፍርድ ቤት ቅርብዎ ስለሆነ ብቻ እዚያ አይክፈቱ።

ከመክሰስዎ በፊት ግን ሽማግሌ ልከው ይሞክሩ። ይህን የምለው ለደግነት አይደለም። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋ ወዴት እንደሄደ ያውቃሉ፤ የብሩንም ነገር ያውቃሉ። ክሱ ሁለት ዓመት ቢፈጅ የሚመለስልዎ ብር ያው ብር ነው፣ የሚገዛው ግን ያው አይሆንም። ሻጩ ስሙን አዛውሮ የጥገናውን ግማሽ ቢከፍል መኪናውን ይዘው መቅረት ሊያዋጣዎት ይችላል። ለዚህ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ዕቃ ሲያፈላልጉ «የአልፋ 166» ብቻ አይበሉ፤ ይኸው ባለ አምስት ሲሊንደር 2.4 በላንቺያ ቴሲስም ላይ ስለተገጠመ በሞተር ኮዱ ይጠይቁ።

የሰርቪስ ደብተሩን ኦሪጅናል ለደላላውም፣ ለሽማግሌውም፣ ለመካኒኩም አይስጡ። ለእኔም ቢሆን ፎቶ ኮፒው ይበቃኛል።