በህዳር ባዶ የሚሆነው ክፍል፦ ዘንድሮ ለምትመደቡ መምህራን

ልጆቼ፣

ነሐሴ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ አላባራም። በዚህ ሰሞን የአዲሱ ዓመት የትምህርት ካላንደር በየትምህርት ቤቱ ይደርሳል። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፣ መምህራን ቆመው የዕረፍት ቀን ይቆጥራሉ። እኔም ብዙ ዓመት ቆሜ ቆጥሬያለሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚያች ወረቀት ነው። ከመካከላችሁ ነገ ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የወረዳ ባለሙያ የሚሆን አይጠፋም። ያኔ ወረቀቷ እጃችሁ ትገባለች።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

የተመደብኩት በ1977 ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። የደረሰኝ ትምህርት ቤት ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ ቡና መሀል ነው። መስከረም ላይ አራተኛ ክፍሌ ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሳሳት ጀመረ። ህዳር ሲገባ ከግማሽ በላዩ የለም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ወላጆቹ ለትምህርት ደንታ የላቸውም ብዬ ደመደምኩ። ስም እየጠራሁ የቀረውን በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ ያዝኩ።

ጥር ላይ አንዲት ልጅ ተመለሰች። ከክፍሉ አንደኛ አንባቢ እሷ ነበረች። አዲስ ደብተር ይዛለች፤ በቡና ለቀማ ባገኘችው ብር ራሷ ገዝታው ነው። «ብዙ ቀን ቀርተሻል፣ ዘንድሮ አታልፊም። ለሚቀጥለው ዓመት ነይ» አልኳት። አላለቀሰችም። ደብተሩን አቅፋ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም።

ያን ጊዜ ቡና እንዴት እንደሚለቀም እንኳ አላውቅም ነበር። ቡና አንድ ላይ አይደርስም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አለ። ለቃሚው እዚያው ዛፍ ስር ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። ቀዩ ጊዜው ካለፈ ዛፉ ላይ ይደርቃል ወይ ይረግፋል። ለመፈልፈያ የሚሸጠው እሸት ደግሞ በተለቀመበት ቀን መድረስ አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። የቤቱ የዓመት ገቢ ያለው በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ደብተሩ፣ ጫማው፣ የታመመ ሰው ማሳከሚያው ሁሉ ከዚያ ይወጣል። አባትየው ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን እጅ አጥሮት ነው ልጁን የሚያስቀረው። ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆች እየሰረዝኩ።

ካላንደሩስ? መስከረም ይከፍታል፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ካለቀ በኋላ ያሳርፋል፣ ሰኔ ይዘጋል። የመንፈቁ ዕረፍት ሲመጣ እኛ ጋ ቡናው ተለቅሞ ተሽጦ አልቋል። ዕረፍቱ ልጁ በሌለበት ጊዜ ሳይሆን ልጁ ክፍል በተመለሰበት ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«እንግዲያው ዞኑ የራሱን ቀን ያውጣ» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እሱም አይበቃም ባይ ነኝ። ጅማ ዞን አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ቡናው ራሱ ዝቅ ባለው ቦታ ቀድሞ ይቀላል፣ ከፍ ባለው ይዘገያል። ዴዶ ደጋው ላይ ስትወጡ ነገሩ ገብስና ስንዴ ነው። ኦሞ ናዳና ከርሳ ላይ በቆሎና ጤፍ አለ። ዝናቡ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። መስከረም ላይ ገና ወንዝ የሚያስቀረው ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ከወረዳና ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ቀኑን ማውጣት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

በ2014 ህዳር መጨረሻ የሆነውን አስታውሱ። በመላው አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘጉ፣ ተማሪዎች አዝመራ እንዲሰበስቡ። ጊዜው የጦርነት ነበር፤ ስለዚያ አሁን አልናገርም። አንድ ነገር ግን ያን ሰሞን ገባኝ፤ ካላንደር ሲፈለግ ይነቃነቃል። ግን ሳምንቱ ለሁሉም አንድ ነበር። አዝመራው ደግሞ አንድ አይደለም። ታናናሾቹም፣ ከክፍል ቀድመው የሚጠፉት የአንደኛ ደረጃ ልጆች፣ አልተነሱም።

ኮሎምቢያ እንደኛው የቡና አገር ናት። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እዚያ ገጠር ውስጥ «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» የሚባል አሠራር ተጀመረ፤ አዲስ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ከጀመሩት አንዷ ቪኪ ኮልበርት ትባላለች። ልጁ በራሱ ፍጥነት የሚሄድበት መማሪያ አለው። ለለቀማ ቀርቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ዓመቱን አይደግምም። ይህን ያነበብኩ ቀን ያቺ ልጅ ፊቴ ድቅን አለች። ያቆመችበትን ገጽ እኔ አውቀው ነበር።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አርብቶ አደር አካባቢ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚሰጥባቸው ጣቢያዎች ሰዓታቸውን ከነዋሪው ጋር እየተመካከሩ ሲያወጡ ኖረዋል።

ልጅ ቡና ይልቀም ማለትዎ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እኔ የምፈልገው ልጁ ክፍል ውስጥ እንዲገኝ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጆንያ ተሸክሞ ሳይ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ግን በሩን ከፍቶ ባዶ ዴስክ ማስተማር ያንን ሕፃን አላዳነውም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ቀኑን ራሱ እንዲያወጣ ነፃነቱ ሲሰጥስ? ሱፐርቫይዘር ሳለሁ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለለቀማ ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ማካካሻው ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰጣል ተባለ። ሁለት ቅዳሜ ተሰጠ፣ ከዚያ ቀረ። መምህራኑ ቤተሰባቸው ከተማ ነው፤ የትራንስፖርት የሚሰጣቸውም የለም፤ አልፈርድባቸውም። ሰኔ ላይ ሳይ የሒሳብ መጽሐፉ ሲሶው አልተነካም። በፊት ግማሹ ልጅ ያጣው የነበረውን ቀን ያን ዓመት ሁሉም አጣው። እኔም ፈቃዱ እንዲሰጥ ከለመኑት አንዱ ስለነበርኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ማካካሻውን ከፊት አድርጉት። ሁለት ሳምንት መዝጋት 10 የትምህርት ቀን ነው። ፈረቃ ላለው ትምህርት ቤት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቀን ያህላል። መስከረም ላይ «ምዝገባ ነው» እየተባለ የሚባክነው ሳምንት ብቻ 5 ቀን ይሰጣችኋል። የቀረውን 5 ቀን ከመስከረምና ከጥቅምት ቅዳሜዎች አውጡት፤ ለቀማው ሳይደርስ ዕዳው ተከፍሎ ያልቃል። ቡናው ከተሸጠ በኋላ እናካክሳለን የሚል ዕቅድ ከመጣላችሁ አትፈርሙ።

ፈተናውንም አትርሱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው፣ የ8ኛውን ክልሉ ያወጣዋል። ለናንተ ቀበሌ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ማዘዋወሩን ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምሩ።

ወመህን፣ የወላጅ መምህር ህብረቱን ማለቴ ነው፣ ስትሰበስቡ እናቶቹን ለይታችሁ ጠይቁ። አባቶች ስብሰባ ላይ «ልጄን አላስቀርም» ይላሉ። ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚቀር የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ ልመና ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ለዓመታት ባዶ እጄን ሄጄ «ሪፖርቱን ያበላሽብናል» እየተባልኩ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ የሦስት ዓመት ስም መጥሪያ ዘርግቼ በየሳምንቱ የቀረውን ሳሳይ ግን ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ስለዚህ ከመስከረም የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ቁጠሩ። በየሳምንቱ አርብ ስንት ልጅ እንደነበረ፣ ስንቱ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ ጻፉ። ዝናብ፣ ወንዝ፣ ገበያ፣ ለቀማ፣ ሕመም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ይበቃል። ቀይ እስክሪብቶ አትጠቀሙ።

የኔ ደብተሮች እቤት አሉ። የ11 ዓመት ነው። እንዴት እንደሚያዝ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ቡና እየጠጣን አሳየዋለሁ። የመጀመሪያው ደብተር ዘጠነኛው መስመር ላይ በቀይ የተሰረዘ ስም አለ። ንባብ በሚለው ዓምድ ስር «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ የጻፍኩት በጥቅምት ነው።