መጀመሪያ መቀመጥ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «ዮጋንና የምዕራባውያንን ሥርዓተ አስማት አንድ ላይ ልጀምራቸው ብል ከየቱ ልነሣ?» ብሎኛል። ጥያቄው ያስቆጨኛል። ብሩህ ልጆች በዚህ በኩል ገብተው በሁለተኛው ወር ሁለቱንም ሲጥሉ አይቻለሁ፤ ቅደም ተከተሉን የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሁለት መስመር መልሼ ልተወው ነበር፤ ግን ነገሩ መጀመሪያ እንዴት እንደተገጣጠመ ካልሰማችሁ ምክሩ አይገባችሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1888 ለንደን ውስጥ የወርቃማው ንጋት ማኅበር ተመሠረተ። ካባላ የተባለውን የአይሁድ ምስጢራዊ ትምህርት፣ በዕብራይስጥ የሚጠሩ የአምላክ ስሞችን፣ ኮከብ ቆጠራንና የጥንት ግብፅን ምስሎች አስተባብሮ በደረጃ በደረጃ የሚያስተምር ምስጢራዊ ማኅበር ነበር። በኋላ በአስማት ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ አሌስተር ክሮውሊ በ1898 ገባበት። እዚያ ያገኘው ምርጥ መምህር አለን ቤኔት ነው፤ አስም እንቅልፍ የሚነሳው፣ ኬሚስትሪ የተማረ ድኻ ሰው። ክሮውሊ ቤቱ አስጠግቶት ሥርዓቱን ከእርሱ ቀሰመ። የእንግሊዝ ብርድ ለቤኔት ሳንባ አልሆን ስላለ በ1900 ወደ ሲሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተሻገረ። በዚያ ፖናምባላም ራማናታን ከተባለ፣ በቅኝ ግዛቱ መንግሥት ከፍተኛ የሕግ ሹመት ከነበረው የታሚል ተወላጅ ዘንድ ዮጋን ተማረ።

ክሮውሊ በዚያ ጊዜ ሜክሲኮ ተራራ ይወጣ ነበር። አብሮት የነበረው ኦስካር ኤከንስታይን ስለ አስማት ግድ የሌለው መሐንዲስ ነው፤ ተራራ ወጪዎች ዛሬም በበረዶ ላይ የሚጫሙትን ባለ ጥርስ ብረት ካሻሻሉት አንዱ። ክሮውሊ ስለ ምስጢራዊ ሥራው ሲያወራለት ኤከንስታይን ችግርህ ሐሳብህን መቆጣጠር አለመቻልህ ነው፣ አስማቱን ለጊዜው ተወውና ይህን ተለማመድ አለው። መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ቀላል ነገር፣ ቀጥሎ እንደ ፔንዱለም የሚወዛወዝ ነገር በዓይነ ሕሊና ይዞ ማቆየት ነበር ትምህርቱ። የዘንድሮ ወጣት እንዲህ ቢባል ተቀይሞ ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል። ክሮውሊ፣ ሌላው ጠባዩ እንዳለ ሆኖ፣ ሰማ።

በ1901 ኦገስት ሲሎን ደረሰ፤ ከቤኔት ጋር ካንዲ ከተማ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። ያ ወቅት በዋናነት የመቀመጥና የመተንፈስ ጊዜ ነበር፤ ክሮውሊ የየዕለቱን በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር፤ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ዲያና የሚባለውን፣ ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ሳይቋረጥ የሚቆይበትን ደረጃ እንደነካ ጻፈ። ወዲያው ልምምዱን ጣለው። በሚቀጥለው ዓመት ከኤከንስታይን ጋር ኬ2 ተራራን ሊወጣ ሞክሮ ጫፉ ሳይደርስ ተመለሰ። ቤኔት ግን አስማቱን ጨርሶ ትቶ በርማ ውስጥ የቡድሃ መነኩሴ ሆነ፤ አናንዳ ሜተያ ተብሎ በ1908 ወደ እንግሊዝ የቡድሂስት ልዑክ ይዞ ተመለሰ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ክሮውሊ በ1907 የራሱን ማኅበር ሲያቋቁም ለጀማሪው አሳናን፣ ፕራናያማንና ዳራናን ማለትም አቀማመጥን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማቆምን ግዴታ አደረገ። የአቀማመጡ ፈተና ውሃ እስከ አፉ የሞላ ሳህን በራስ ላይ አስቀምጦ አንድ ጠብታ ሳይፈስ አንድ ሰዓት መቆየት ነበር። የሰውየውን ኑሮ ግን አትቅዱ፤ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ ነበር፣ በ1923ም ኢጣሊያ ከአገሯ አባርራዋለች።

እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ቆማችሁ ኮከብ በአየር ላይ ስትሥሉና እየነደደ ሲቆይ ማየት ሲኖርባችሁ፣ የሚሠራው ዳራና ነው። የአምላክን ስም በአንድ ረጅም ትንፋሽ ስታሰሙ የሚሠራው ፕራናያማ ነው። ሁለቱ የሌሉት ሰው ሥርዓቱን ቃል በቃል ቢወጣውም እጁን ሲያወናጭፍ ብቻ ይውላል። ጀበናው ሳይጣድ ሲኒ እንደ መደርደር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለዮጋው ስጡ፤ አትቀላቅሉ።

ወንበር ይበቃችኋል። እግር አጣጥፎ መቀመጥ የግድ አይደለም፤ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ደግሞ የእግርን ነርቭ ስለሚጫን ጣት ከደነዘዘ ወዲያው መተው አለበት። የወንበሩ ቁመት ጭናችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ የሚሆንበት ይሁን፤ ከፍ ካለ ከእግራችሁ ሥር መጽሐፍ አድርጉ። ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ፣ እጅ ጭን ላይ ተዘርግቶ፣ ጀርባ መደገፊያውን ሳይነካ ቀጥ ብሎ፣ አስር ደቂቃ። በየሁለት ሳምንቱ አምስት ደቂቃ ጨምሩ፤ ሠላሳ ሲሞላ ይብቃ። ሰዓቱን ስልክ ላይ ከሞላችሁ ስልኩን ሌላ ክፍል አኑሩት። የሚበላሸው አቀማመጥ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ነው፤ አንዱን ምረጡና ሕመሙ በሦስተኛው ሳምንት ቢብስም አትለውጡት። የመገጣጠሚያ ወይም የጀርባ የሾለ ሕመም ከሆነ ግን አቁሙ፤ እርሱ ሌላ ነገር ነው።

ትንፋሹን ምግብ ከበላችሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሥሩት። ለሁለት ሳምንት እስከ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አስገቡ፣ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ መያዝ የለም። ከዚያ አራት ማስገባት፣ አራት መያዝ፣ አራት ማስወጣት፣ ባዶውን አራት መቆየት፤ ለአምስት ደቂቃ። ጣት ውስጥ መጠዝጠዝ ወይም ማዞር ከመጣ አተነፋፈሳችሁ ፈጥኗል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዳችሁም ከልክ በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ብዙዎች ይህን ምልክት መንፈሳዊ ነገር ያደርጉታል። ቆጠራውን ትታችሁ በተፈጥሮ ተንፍሱ። አስም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ትንፋሽ አይያዝ። የአእምሮ ሕመም ገጥሞት የሚያውቅ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዮጋውንም ሥርዓቱንም አይጀምር።

ለዳራና ቀይ ሦስት ማዕዘን ወይም ቢጫ አራት ማዕዘን በዓይነ ሕሊና ያዙ። ሐሳብ በሸሸ ቁጥር አንድ ጣት አጥፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ትንሽ ይሆንና ትኮራላችሁ፤ በሦስተኛው ይጨምራል። አትደንግጡ፤ መሸሹን ማየት ገና መጀመራችሁ ነው።

ይህን ብዬ አንድ ነገር እፈቅዳለሁ፤ ከላይ አትቀላቅሉ ማለቴን ጠብቃችሁ ብትከሱኝም ይሁን። የኮከቡን ትንሹን የማባረሪያ ሥርዓት፣ ማለትም ቦታውን ከማይፈለግ ነገር የማጽጃውን፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ለአምስት ደቂቃ መሥራት ትችላላችሁ። ምሥራቅን በኮምፓስ እወቁ፤ በግምት አትቁሙ። ቃላቱ ዕብራይስጥ ናቸው፤ ግንባርን ነክቶ «አታ»፣ ወደ እግር አቅጣጫ «ማልኩት»፣ ቀኝ ትከሻ «ቬ ጌቡራ»፣ ግራ ትከሻ «ቬ ጌዱላ»፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ «ለ ኦላም፣ አሜን»። ቀጥሎ ክንድን ዘርግቶ ባለ አምስት ጫፉን ኮከብ በአንድ መስመር መሣል፤ ከግራ ዳሌ ወደ ግንባር፣ ወደ ቀኝ ዳሌ፣ ወደ ግራ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ፣ ወደ ግራ ዳሌ። መሐሉን ወግቶ ስሙን ማሰማት፤ በምሥራቅ ዮድ ሄ ዋው ሄ፣ በደቡብ አዶናይ፣ በምዕራብ ኤሄዬ፣ በሰሜን አግላ። ክንድ ሳይታጠፍ መሥመሩን እየጎተተ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ካልተመለሰ ክበቡ ክፍት ይቀራል፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚዘሉትም ይህን ነው። በመጨረሻ ክንድን ዘርግቶ ሩፋኤል በፊት፣ ገብርኤል በኋላ፣ ሚካኤል በቀኝ፣ ኡራኤል በግራ ይጠራሉ፤ ከዚያ መጀመሪያ የተደረገው መስቀል ይደገማል። አዶናይም መላእክቱም ከገድልና ከድርሳን ለምታውቋቸው እንግዳ አይደሉም፤ ለዚያም ነው አንዳንዶቻችሁ የምትፈሩት። የንስሐ አባት ያላችሁ መጀመሪያ እርሳቸውን ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ዮጋውን ብቻ ያዙ።

ስም ማሰማት ጩኸት አይደለም። አንድ ትንፋሽ ሙሉ ተስቦ፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ ጉሮሮ ከቆሰለ ተሳስታችኋል። ኮከቡን ትንሽ አድርጎ አፍንጫ ፊት የሚሥል፣ ወይም አምስቱን መሥመሮች በአምስት ምት የሚቆራርጥም ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ በግድግዳ ላይ በጠመኔ ሥላችሁ ክንዳችሁን አስተምሩ።

ስድስት ወር ሲሞላችሁ እስራኤል ረጋርዲ በ1938 ያሳተመውን የመካከለኛው ዓምድ ልምምድ መጨመር ትችላላችሁ። ረጋርዲ የክሮውሊ ጸሐፊ የነበረ ነው። ዓምዱ ከራስ በላይ ባለው ብርሃን ይጀምራል፤ ጉሮሮ፣ ልብ፣ ከእንብርት በታች፣ እግር እያለ ይወርዳል። የቻክራ፣ ማለትም በዮጋ በአከርካሪ ላይ ተደርድረዋል የሚባሉት የጉልበት ማዕከሎች፣ ትምህርት ግን ጉልበቱን ከታች አስነሥቶ ወደ ላይ ይስባል። ዓምዱ አምስት፣ ቻክራው ሰባት። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አጣብቀው የሚሸጡላችሁን ተዉአቸው፤ በአንድ ቁጭታ አንዱን ወደ ታች፣ ሌላውን ወደ ላይ መግፋት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል ይባላል። በዓምዱ ቀን ትንፋሽ አትያዙ፣ በዮጋ የዳሌን ወለል ጡንቻ አጥብቆ መያዝንም አትሥሩ፤ በተለያየ ቀን ይሁን።

ማስታወሻ ደብተሩን በእጃችሁ ጻፉት፤ ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የታጠፉት ጣቶች ቁጥር፣ የተመገባችሁትና የእንቅልፋችሁ ሰዓት። የተሰማችሁን ስሜት በአንድ መስመር ብቻ፣ ከሥር።