ለከባድ መኪናና ለተሳቢ ጎማ ለምትመርጡ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

የጎማ ግዢ በእጃችሁ ሲገባ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መኪናውን አስመዝኑ። ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎች የሚገጠሙበት ዘንግ፣ ለየብቻው ይመዘን። ጠቅላላ ክብደቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ አንዱ አክስል ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ሌላው ቀሎት ይሄዳል።

ከዚያ የጎማውን ጎን አንብቡ። «315/80 አር 22.5፣ 156/150 ኤል» ተብሎ ከተጻፈው ብዙ ሰው መጠኑን አይቶ ቀሪውን ያልፈዋል። 156 ማለት ጎማው ነጠላ ሲገጠም 4,000 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 150 ደግሞ መንታ ሲሆን፣ ማለትም ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ሲገጠም፣ የእያንዳንዱን አቅም ይነግራችኋል፤ 3,350 ኪሎ ነው። በመንታ የሚቀንሰው ጭነቱ ለሁለቱ እኩል ስለማይደርስና መሃላቸው ሙቀት ስለሚታፈን ነው። ኤል ፍጥነቱን በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይገድባል። የፊት አክስላችሁ 7,500 ኪሎ ከመዘነ ለአንድ ጎማ 3,750 ይደርሰዋል፤ ይህ የ154 ጎማ የመጨረሻ አቅም ስለሆነ 156ቱን ግዙ። የተመረተበትንም ጊዜ እዩ፦ 2324 ካለ በአውሮፓውያን 2024፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ቦታውም ይለያያል። ለፊት፣ ጥርሱ ቀጥ ባለ መስመር የሄደ ጎማ ይሻላል፤ መሪውን ይታዘዛል። የሚነዳው አክስል መሬት የሚቆነጥጥ ጥልቅ ጥርስ ይፈልጋል። ተሳቢ ግን አይነዳም፤ በተለይ ባለ ሦስት አክስል ከሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን ይፋቃሉ። ስለዚህ ጥርሱ አጠር ያለና ጠንካራ ትከሻ (የጥርሱ ዳርና ዳር) ያለው ጎማ ግጠሙለት። «ጥልቅ ጥርስ ስላለው ይበረክታል» ብሎ የመንጃ ጎማ ተሳቢ ላይ መግጠም አይበጅም፤ ረጅሙ ጥርስ እየተወዛወዘ ወጣ ገባ ሆኖ ያልቃል። ኮረኮንች ላይ ለሚውል መኪና መቆረጥን የሚቋቋም ጎማ አለ፤ ለረጅም የአስፋልት ጉዞ ግን ይሞቃል።

አሁን ወደ ነፋስ እንምጣ፤ ጥሩ ጎማ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ነውና። ነፋስ ሲያንስ የጎማው ጎን በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይደክማል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። በመዶሻ መምታት ልኬት አይደለም፤ መለኪያ ተጠቀሙ፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ለኩ። በጉዞ መሃል ሞቆ ግፊቱ ከፍ ቢል አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ከተገቢው ግፊት 80 በመቶ በታች ሆኖ የተነዳ ጎማ፣ ለምሳሌ 8.5 ባር የሚፈልገው 6.8 ባር እንኳ ሳይሞላ ከተገኘ፣ በተገጠመበት ሳለ አትሙሉት። የደከመው ሽቦ እንደ ዚፕ ተተርትሮ በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። ይፈታ፣ ውስጡ ይታይ፤ ደህና ከሆነም በብረት ቀፎ ውስጥ በረጅም ቱቦ ይሞላ፣ የሚሞላውም ሰው ከጎማው ጎን ትይዩ አይቁም።

መንታዎችን በቁመት አስተካክሉ፤ የሁለቱ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጥርሱ ከላይም ከታችም ስለሚቆጠር፣ የጥርሳቸው ጥልቀት በ3 ሚሊ ሜትር ከተለያየ ይህን ደርሳችኋል፤ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ አስፋልት ላይ እየተፋቀ ያልቃል። የውስጠኛውን መንታ ለመለካት ቫልቩ ስለማይመች ብዙዎች ይዘሉታል፤ ማራዘሚያ ግጠሙለት። መሃላቸው የተሰካ ድንጋይም ሳይወጣ አትንቀሳቀሱ።

አበላሉ ምክንያቱን ይናገራል፦ ሁለቱ ትከሻ ከተበላ ነፋስ አንሷል፣ መሃሉ ከተበላ በዝቷል፣ በእጅ ሲዳሰስ ወደ አንድ ወገን እንደ መጋዝ ከቧጠጠ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ) ተዛብቷል። አላይመንቱ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ አትግጠሙ።

ሁለት ጎማ ስታወዳድሩ የእያንዳንዱን ቁጥር፣ ቦታና የጥርስ ጥልቀት መዝግቡ። 16 ሚሊ ሜትር ሆኖ የገባ ጎማ በ20,000 ኪሎ ሜትር 14 ከደረሰ፣ አንዱ ሚሊ ሜትር 10,000 ያስኬዳል። 4 ሲቀረው የምታወርዱት ከሆነ 120,000 ኪሎ ሜትር ትጠብቃላችሁ። ዋጋውን ለዚህ አካፍሉና ከሌላኛው ጋር አስተያዩ።