ክረምት ሲገባ ለሚመለሰው ኮሌራ ጤና ጣቢያው ምን ይያዝ?

ጥያቄ፦ ወረዳችን ቆላ ነው፤ ኮሌራ በየክረምቱ ይመላለስብናል። ሪንገሩም (በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ) ክሎሪኑም የሚደርሰን ታማሚው በረንዳ ላይ ከተኛ በኋላ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ምን ያህል እናስቀምጥ? ክሎሪኑንስ እንዴት እንመጥን?
(የጤና ጣቢያ ነርስ)

መልስ፦ ስሌቱን በ100 ታማሚ ጀምሩት። ከነዚህ 20ዎቹ ሰውነታቸው ክፉኛ የደረቀ ይሆናሉ ብላችሁ ለእያንዳንዳቸው 6 ሊትር ያዙ፤ 120 ባለአንድ ሊትር ሪንገር ላክቴት ከነማስተላለፊያ ቱቦው ማለት ነው። ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ደግሞ 650 ከረጢት። ሪንገር ቢያልቅ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ስቀሉ። ዴክስትሮስ (የስኳር ውሃ) ብቻውን ግን የወጣውን ጨው ስለማይተካ መደርደሪያ ሙሉ ቢኖራችሁም ከቁጥር አታስገቡት።

ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ይረሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ 1.8 ሊትር፣ ከዚያ በ2 ሰዓት ተኩል 4.2 ሊትር መውሰድ አለበት። በቀጭኑ 22 ቁጥር ይህ አይገባም። ወፈር ያሉት 16 ወይም 18 ቁጥር ይኑራችሁ፤ አሁንም ከዘገየ በሁለቱም ክንድ ስቀሉ።

ድንኳን ከየትም ይገኛል፤ የሚያንቀው ውሃ ነው። ለታማሚ በቀን 60 ሊትር፣ ለአስታማሚ 15 ሊትር ይታሰባል። 10 ታማሚ ከነአስታማሚው 750 ሊትር ስለሚፈጅ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን እንኳ አያደርስም። በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ሁለተኛ ሮቶ ግዙ።

ክሎሪኑ ባለ 65–70 በመቶ ዱቄት ከሆነ፣ ለእጅ መታጠቢያ (0.05 በመቶ) በ20 ሊትር ውሃ 15 ግራም፣ ማለትም አንድ ያልተከመረ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ለወለልና ለአልጋ (0.2 በመቶ) በ20 ሊትር 60 ግራም፣ ለሰገራ፣ ለትውከትና ለአስከሬን (2 በመቶ) በ10 ሊትር 300 ግራም። ሰገራው እንዲያልፍ መሀሉ በተቀደደው የታማሚ አልጋ ሥር ባልዲውን ስታስቀምጡ 2 በመቶውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀድማችሁ ጨምሩበት። ሲሞላ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ ሽንት ቤት ድፉት።

ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አትጨምሩ። በብረት ዕቃ ከተቀመጠ ዕቃውን ይበላዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ብጥብጥ ደግሞ ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከኦሞ ጋር አይቀላቀልም፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጀሪካኖቹ ላይ መጠኑን በጉልህ ጻፉ፤ ባልተጻፈበት ጀሪካን የተቀመጠ 2 በመቶ ለእጅ መታጠቢያ ተወስዶ ቆዳ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የፈጣን ምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ሕክምናውን ላዘግየው?

መልስ፦ በፍጹም። ፈሳሽ የሚሰጠው የድርቀቱን ደረጃ አይቶ ነው። ናሙናውን፣ ከተቻለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ በካሪ ብሌር (ናሙና ማጓጓዣ) ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ጥርጣሬውን ደግሞ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው አሳውቁ። አንድ ታማሚ ብቻ ቢሆንም።