አራት ደቂቃ ለማየት ሙሉ ቀን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ የጀልባ ቀዘፋ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ውድድሯን ታደርጋለች፤ አራት ቀዛፊና አንድ መሪ በሚይዝ ጀልባ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ካልሄድን ብሏል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ5 ዓመት ወንድሟ፣ አያቷም ጭምር። አሰልጣኟ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ድረሱ ብላለች። ውድድሩ ግን 5 ሰዓት ላይ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ምን ልንሠራ ነው? ምን እንያዝ? ባለቤቴ ደግሞ በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች ስለነበር ከዳር ቆሞ ማሠልጠን ያምረዋል። እሱንስ ምን ላድርገው?
የቀዛፊዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከሰዓቱ ልጀምርልሽ፤ አሰልጣኟ አላጋነነችም።

ጀልባዎቹ በተጎታች ተጭነው የሚመጡት ክንዳቸው ተፈትቶ ነው። ክንድ የምልሽ ከጀልባው ጎን ወጣ ብሎ መቅዘፊያውን የሚይዘውን ብረት ነው። ቦታው ሲደርሱ መልሰው የሚገጥሙት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ አሰልጣኟ ብሎኑን ሁሉ ትፈትሻለች። ስብሰባ አለ፣ ሰውነት ማሟሟቅ አለ። ወደ መነሻው ቦታም በራሳቸው ጉልበት ቀዝፈው ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ የ5 ሰዓት ተወዳዳሪ 4 ሰዓት ገደማ ውሃ ላይ ብትሆን አይግረምሽ። በአጭሩ ልጅሽ ያን ቀን የአሰልጣኟ ናት። እናንተ ደግሞ ጓዝ ጠባቂዎች ናችሁ። ይሄን ቀድመሽ ለቤተሰቡ ከነገርሽ ግማሹ ጭቅጭቅ ቀረ።

ጓዙን በተመለከተ፣ የቀዘፋ ወላጅ ኪስ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ነገር 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። አብዛኛው የጀልባ ክንድ የሚታሰረው በእሱ ነው። ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ተፈላጊ ነው። ባለቀለም ፕላስተር ጠቅልይበት፤ አለበለዚያ አንዱ «አንዴ ላውሰው» ብሎ ይወስድና ደህና ሰንብት! ደግሞ ልጅሽን አስታውሻት፦ ክንዱን ስትፈታ ዳዶውን ወዲያው ብሎኑ ላይ መልሳ ታዙረው። ሣር ውስጥ የወደቀ ዳዶ ፍለጋ አምስት ልጅ ተንበርክኮ ሣሩን ሲዳብስ ማየት የተለመደ ነው። ትንሹ ወንድሟ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ለመሬት ቅርብ ነው፣ ዓይኑም ሹል ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጫማ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። የቀዘፋ ጫማ ጀልባው ውስጥ ተገጥሞ የተቀመጠ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ጫማ ውሃው ዳር አውልቀው በካልሲ ይገባሉ። ያ ጫማ እዚያ ከቀረ የሌላው ቡድን ጀልባ ተሸክሞ ሲመጣ ይረግጠዋል፣ ወይ ውሃ ውስጥ ይገባል። ትልቅ ዘንቢል ይዘሽ ሂጂና የአምስቱንም ጫማ ሰብስቢ። ሲመለሱ ዘንቢሉን ይዘሽ እዚያው ጠብቂያቸው። ካልሲ ይረጥባልና ሁለት ሦስት ትርፍ ያዢ። ደረቅ ልብስ፣ ፎጣ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት አይቅር። ውሃ ዳር ጥላ የለም፣ ፀሐዩም ከታች ያንጸባርቃል። ለአያቷ መደገፊያ ያለው ወንበርና ለቅዝቃዜው ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ያዢ፤ ውሃ ዳር ማለዳ ያለው ብርድ ሌላ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ቤት ለምዳ የምትበላውን ትብላ። ዋናው ምግብ ከውድድሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ቢል ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙዝ ወይ ቁራሽ ዳቦ ይበቃታል። የውድድር ቀን አዲስ ነገር የሚሞከርበት ቀን አይደለም። ማጣሪያና ፍጻሜ በአንድ ቀን ከሆነ መሃሉ ላይ የምትቀምሰው ነገር ይዘጋጅ።

እጇን እይላት። ቀዛፊ መዳፉ ውሃ ይቋጥራል፤ ወግ ነው። ብዙዎቹ ጓንት አያደርጉም፣ መቅዘፊያው በደንብ አይሰማንም ይላሉ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪው። ራሱ ከፈረጠ በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥበሽ ሸፍኚው። ቆዳውን በመቀስ የሚቆርጥ ጎበዝ ቢመጣ አትፍቀጂለት።

አሁን ስለማየቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ አታዩም። ትልልቆቹ የሚወዳደሩት 2000 ሜትር ነው፤ በእሷ ዕድሜ ላሉት ብዙ ጊዜ ያጥራል። 1000 ሜትር ከሆነ ለጀማሪዎች ከአራት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። መጨረሻው ላይ ከቆማችሁ መጀመሪያ የሚታያችሁ ነጠብጣብ ነው። ደግሞ ቀዛፊ ወደ ኋላው ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው። ወደ እናንተ ሲመጡ ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አታዩም። ስለዚህ ፊቷን አትፈልጉ፤ የመቅዘፊያውን ቀለም ፈልጉ። ክለቦች መቅዘፊያቸውን በየራሳቸው ቀለም ይቀባሉ። ቀለሙን ቀድመሽ ለአያቷ ንገሪያቸው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ።

ትንሹ ልጅ ደግሞ «ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ኳስ ምንድን ናት?» ማለቱ አይቀርም። የጎማ ኳስ ናት። የጀልባው ጫፍ ሹል ስለሆነ ሲጋጩ ሰው እንዳይወጋ በውድድር ደንብ የታዘዘች ናት። አሸናፊውም የሚለየው በዚያው ጫፍ ነው፤ ጫፉ መስመሩን ቀድሞ የነካ ያሸንፋል። ልጁን ግን እጁን ያዢው። ጀልባው ከ12 ሜትር በላይ ነው። ተሸካሚዎቹ ከፊት ሲታጠፉ ኋላው ሰፊ ቦታ ጠርጎ ይዞራል። «መንገድ!» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ዘወር በሉ፣ ፎቶው ይደርሳል።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ኳስ ሌላ፣ ቀዘፋ ሌላ። ጀልባው ጠባብ ነው። ስሟን ሲጠራባት ዞር ካለች ሚዛኑ ይናጋል፣ የአራቱም ምት ይበላሻል። እዚያ ውስጥ መሰማት ያለበት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የመሪዋ። እሷ ናት መቼ እንደሚጨምሩ የምትናገረው። ስለዚህ አባት «ጀርባሽን ቀና!» ማለቱን ትቶ የክለቡን ስም እየጠራ ይጩህ፣ እንዳሻው። ጉልበቱን ከፈለገ ደግሞ ድንኳን መትከል፣ መቅዘፊያ መሸከም አለለት። እኔ እንዲያውም እንዲህ ዓይነት አባት እወዳለሁ፤ ሥራ ከሰጡት ወርቅ ነው።

ማታ ላይ ቀጠሮ አትያዙ። ነፋስ ከበረታ ውድድር ይዘገያል፣ ርቀቱ ያጥራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይሰረዛል። መብረቅ ካለ ሁሉም ከውሃ ይወጣል፤ የተለመደው ደንብ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ካለቀም በኋላ ጀልባው ተፈትቶ ተጎታቹ ላይ እስኪጫን ልጆቹ አይሄዱም። «ደክሟታል» ብለሽ ቀድመሽ ይዘሻት እንዳትሄጂ፤ ሸክሙ ለጓደኞቿ ይተርፋል፣ እነሱም አይረሱትም።

ከውሃ ስትወጣ መጀመሪያ ወደ አሰልጣኟ ትሂድ። ያዘነችም ብትሆን አትሩጪባት። ወደ እናንተ ስትመጣ ደረቅ ልብስና ምግብ ስጪያት። ስለ ውድድሩ ራሷ ካልጀመረች አትጠይቋት፤ መኪና ውስጥ ያወራችሁ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ትተኛለች።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ የጀልባ መሪ ነው። ኮክስ ይሉታል። 50 ኪሎ ነው። ውድድር ሲቃረብ «ልቅለል» እያለ እራት መዝለል ጀምሯል። ተዉት ይለምደዋል ይሉኛል።
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አትተወው። ይሄ ልጅ የሚራበው በከንቱ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የመሪ ዝቅተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። ከዚያ የሚያንስ መሪ የጎደለውን ያህል ክብደት አጠገቡ ተጭኖለት ነው የሚወዳደረው። እሱ ሁለት ኪሎ ቢቀንስ ሁለት ኪሎ ይጨመርበታል፤ ጀልባው አይቀልም። በልጆች ውድድር ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል የሚወዳደርበትን ደንብ ከአሰልጣኙ ጠይቀህ አብራችሁ አንብቡት። አሰልጣኙም ራሱ ለልጁ ይንገረው፤ በዚህ ዕድሜ የአሰልጣኝ ቃል ከአባት ቃል ይበልጣል። ያም ሆኖ እራት መዝለሉን ካልተወ፣ ውድድሩ ይቆይና ሐኪም ዘንድ ውሰደው።