ሰላጣዎን ያበላሸው የቴርሞስታቱ ጅራት ነው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ጠያቂዋ በግቢያቸው አራት መደብ ሰላጣ በአንድ ቀን ተክለው ነበር፤ አራቱም በአንድ ሳምንት ደረሱ። ገበያ ሲወጡ ሌላውም ሰው ሰላጣ ይዞ ወጥቷል። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አጭቀው አስገቡት። በሦስተኛው ቀን ከኋላ የነበረው እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ቆያቸው፤ እጃቸው ላይ ሲቀልጥ ጠቆረ። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው ደግሞ ውሃ ላይ ተኝቶ ተዝለግልጓል። «ሞተሩ ሌሊትም አያርፍም። ጥር ላይ ቴርሞስታት ተቀይሮለት ነበር፤ አሁን ጋዝ አልቋል ተባልኩ። ጋዝ ላስሞላ? የቀረውን ሰላጣስ ምን ላድርገው?» ይላሉ።

እህቴ፣ ገንዘብዎን ለጋዝ አያውጡ። ጋዙ ያነሰ ፍሪጅም ሞተሩ አያርፍም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን ያሞቃል እንጂ ቅጠል በረዶ አያደርግም። የእርስዎ ፍሪጅ ችግሩ ማቀዝቀዝ አለመቻሉ ሳይሆን ማቆም አለመቻሉ ነው። ሞተሩ አያርፍም፣ ኋላው በረዶ ይሠራል፣ ታቹ ውሃ ይቋጥራል፤ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስሰማ እጄ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ጥር ላይ ወደተነካካው ቴርሞስታት፣ ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን ወደሚያስነሣውና ወደሚያሳርፈው ዕቃ።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። የቴርሞስታቱን ቁልፍ ዜሮ ላይ ማዞር ማጥፋት አይደለም፤ አምፖሉ ሳጥን ውስጥ ያለው ሽቦ 220 ቮልቱን እንደያዘ ነው። መብራት ጠፍቷል ብለውም አይተዉት፤ እጅዎ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ የፍሪጅዎ ታች እርጥብ ነው።

ፍሪጁን ባዶ ያድርጉና በሩን ከፍተው በረዶው ይቅለጥ። ከቸኮሉ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡለት። ቢላዋ ግን አይንኩ። ከግድግዳው ጀርባ ጋዝ የሚዞርበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ በአንድ የቢላዋ ጫፍ ተበስቶ የሞተ ፍሪጅ ደጋግሞ ደጄ መጥቷል። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር600ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ በእሳት የሚቀጣጠል ነው።

አሁን ከውስጥ በኩል አምፖሉና ቁልፉ ያሉበትን የፕላስቲክ ሳጥን በካቻቢቴ ይፍቱ። ከቴርሞስታቱ የሚወጣ፣ እንደ ሽቦ የቀጠነ ረዥም የመዳብ ቱቦ ያያሉ። ጅራት የምለው እርሱን ነው። የፍሪጁ አእምሮ ያለው እዚያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቱቦው ሽቦ ይምሰል እንጂ ውስጡ ክፍት ነው፤ በጋዝ ተሞልቶ ጫፉ ተደፍኗል። ሲቀዘቅዝ የጋዙ ግፊት ይወርዳል። ቴርሞስታቱ ሆድ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈች ትንሽ ብረት አለች፤ ግፊቱ ሲወርድ ትሰበሰባለች፣ ስትሰበሰብ ሁለቱ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች «ጠቅ» ብለው ይለያያሉ፣ ሞተሩም ያርፋል። ሲሞቅ ጋዙ መልሶ ይገፋታል፤ ሞተሩ ይነሣል። ባትሪ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ይህ ጅራት የሚታዘዘው ከርዝመቱ ሁሉ በጣም የቀዘቀዘውን ነጥብ ነው። ስለዚህ ጫፉ ከሚቀዘቅዘው ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ፣ ወይም ወደ ግድግዳው በሚገባው ማስገቢያ ውስጥ እስከ መጨረሻው ካልገባ፣ የሚያየው የፍሪጁን አየር ብቻ ነው። ግድግዳው በረዶ ሠርቶ ሰላጣው በረዶ እየሆነ እርሱ «ገና ነው» ይላል። በር ላይ ቆሞ ወጡን ቅመስ እንደተባለ ሰው ነው፤ ድስቱ ሲያር አያውቅም።

በተነካካ ፍሪጅ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ነው፤ ጅራቱ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ አምፖሉ ጀርባ ተሸጉጧል። ማስገቢያው ጠባብ ስለሆነና መግፋቱ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ርካሹን፣ ጅራቱ አጭር የሆነውን ቴርሞስታት ይገጥማል፤ ቢገፋም አይደርስም። ከዚህ የባሰው ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎ ቀጥታ የሚያገናኘው ነው። ይህ ጥገና አይደለም። የሰው ሞተር ማቃጠል ነው፤ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ስፒናው መነቀሉን እንደገና በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ ጅራቱን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያቃኑት። ከተሰበረ ጋዙ ይወጣል፤ ያኔ ቴርሞስታቱ አለቀለት። ወደ ማስገቢያው እስኪቆም ድረስ ይግፉት። ከግድግዳው ጋር በክሊፕ የሚያያዝ ዓይነት ከሆነ ክሊፑን ያጥብቁ።

ውሃውን በተመለከተ፣ ከኋላው ግድግዳ ሥር ቦይ አለ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ። አንዲት የሰላጣ ቅጠል ቁራጭ ብቻ ትዘጋዋለች። በጭድ ወይም በመጠጫ ስትሮ ከፍተው ግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱበት፤ ሞተሩ ላይ ካለው ሳህን ሲንጠባጠብ ከሰሙ ተከፍቷል።

ወደ ሰላጣው ልምጣ። የተዝለገለገው ለምግብ አይሆንም፤ ወደ ማዳበሪያው ጉድጓድ ይሂድ። መስታወት የመሰለው በረዶው ገና ካልቀለጠ አያቅልጡት፤ ቅጠሉ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በረዶው ውስጡን ቀዶታል፣ ጥሬውን አይበላም። እንዳለ ከድንች ጋር ሾርባ ድስት ውስጥ ይግባ። የጠወለገውን ግን አይጣሉት፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንከሩት፣ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ለሁዳዴ በሎሚ፣ በቃሪያና በሽንኩርት ሆኖ ያልቃል። በሐይቁ ውሃ የለማ አትክልት ከሆነ ጥሬውን ከመብላትዎ በፊት ቅጠል በቅጠል ይለዩና በሚጠጣ ውሃ ይጠቡት።

ብዛቱን የሚጨርስልዎ ግን እሳት ነው። ሰላጣ እንደ ጎመን እንደሚበስል ብዙ ሰው አያምንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተው፣ በደቃቁ የተከተፈውን ሰላጣ ይጨምሩና ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ያማስሉት፤ ጨውና ቃሪያ በመጨረሻ። አንድ ሳፋ ሙሉ ገብቶ የሚወጣው ሁለት ጭልፋ ነው። ቤቴ አሳ ሲጠበስ አጠገቡ የሚቀርበው ይኸው ነው።

የሚያቆዩትን ሳያጥቡ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ከኋላው ግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ማንጎና ሙዝ አጠገቡ አይሁን፤ ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉን ያጠይመዋል። መደቡ ላይ የቀረውን ደግሞ አይንቀሉት፤ በማለዳ የዳር የዳሩን ቅጠል ብቻ እየቀጠፉ፣ ቀን ቀን ጥላ ይስጡት። ሙቀቱ ግንዱን ካስረዘመው ይመራል።

ፍሪጁን መልሰው ሲሰኩ ቁልፉን መካከለኛ ቁጥር ላይ ያድርጉና አንድ ሌሊት ያዳምጡ። መብራት ጠፍቶ ከመጣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አይሰኩት። ሞተሩ እየተነሣ የሚያርፍ ከሆነ ሥራው አልቋል። እስከ ንጋት ካላረፈ ቴርሞስታቱ ራሱ ሞቷል፤ አሮጌውን በእጅዎ ይዘው ሱቅ ይሂዱና የአዲሱን ጅራት ርዝመት ጎን ለጎን ለክተው ይግዙ። ባለሙያ ጠርተው የሚያስገጥሙ ከሆነም ሳጥኑን ከመፍታቱ በፊት ስፒናውን ራስዎ ነቅለው በእጅዎ ይያዙት።