አካዳሚዎች በታችኛው ሊግ ዋንጫ፦ የእንግሊዝ ደጋፊ ለምን ተቆጣ? ጠይቁኝ

የእንግሊዝ ኳስ ሲነሳ አርሰናልና ዩናይትድ ላይ ተጥደን እናመሻለን። ዛሬ ወረድ እንበል። የሊግ ዋንና የሊግ ቱ (የእንግሊዝ ሦስተኛና አራተኛ እርከን) ክለቦች ኢኤፍኤል ትሮፊ የሚባል የራሳቸው ዋንጫ አላቸው። በ2016 የትልልቅ ክለቦች አካዳሚዎች፣ ማለትም የታዳጊ ቡድኖቻቸው፣ ገቡበት፣ ጭቅጭቁም እስካሁን አልበረደም። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይሄ ዋንጫ ዋጋ አለው እንዴ? ስሙን ሰምቼ አላውቅም።

ከ1983/84 ጀምሮ አለ። በመጀመሪያ ዙሮች ስታዲየሙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፍጻሜው ግን ዌምብሌይ ላይ ነው፣ ያኔ ከተማው ነቅሎ ይወጣል። በ2019 ፖርትስማውዝ ሰንደርላንድን በመለያ ምት ሲያሸንፍ 85,021 ሰው ገብቶ ነበር። ኤፍኤ ካፕን የማንሳት ተስፋ ለሌለው ደጋፊ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ አካዳሚዎቹን ማን አስገባቸው?

ራሳቸው ክለቦቹ ድምፅ ሰጥተው፣ ለአንድ ዓመት ሙከራ ተብሎ። በሁለቱ ሊጎች 48 ክለቦች ላይ 16 የአካዳሚ ቡድኖች ተጨመሩ፣ በአንድ ምድብ አንድ። ፕሪሚየር ሊጉም ለሽልማቱ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ። የተሰጠው ምክንያት የእንግሊዝ ታዳጊዎች ከአዋቂ ጋር እየተጋፉ አይጫወቱም የሚል ነው። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። የሚያስቀው ግን አርሰናል፣ ሊቨርፑል፣ ቶተንሃምና ሁለቱ ማንቸስተሮች በመጀመሪያው ዓመት አንገባም አሉ። ጎደሎው በቻምፒዮንሺፕ (ሁለተኛው እርከን) ክለቦች ልጆች ተሞላ።

ጥያቄ፦ ልጆች ኳስ ቢጫወቱ ደጋፊውን ምን ቆረጠው?

ልጆቹን የጠላ የለም። ደጋፊው የፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

በ2014 የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ሊቀመንበር የነበረው ግሬግ ዳይክ የመራው ኮሚሽን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከሊግ ቱ በታች "ሊግ ሦስት" ይቋቋም፣ የትልልቅ ክለቦች ቢ (ሁለተኛ) ቡድኖችም ይግቡበት አለ። ተቃውሞው በረታና ሐሳቡ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አካዳሚዎቹ በዋንጫው ብቅ ሲሉ ደጋፊው "በበሩ ስንከለክላቸው በመስኮት መጡ" አለ። አድማው የተነሳው ያኔ ነው፤ አንገባም፣ ቲኬት አንገዛም።

ሌላም ቂም አለ። በ2012 የወጣው የአካዳሚ ሥርዓት ትልልቆቹ ከትንንሽ ክለቦች ልጅ ሲወስዱ የሚከፍሉትን ካሳ በተመን ወሰነው፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ነው። ብሬንትፎርድ በ2016 አካዳሚውን የዘጋበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እስቲ በሊግ ቱ ደጋፊ ቦታ ሁኑና አስቡት። ያሳደግከውን ልጅ በርካሽ ይወስዱብሃል፣ ከዚያ በሌላ ማሊያ አንተው ሜዳ ላይ ሊያለማምዱት ያመጡታል። እኔም እቆጣለሁ።

ጥያቄ፦ ክለቦች ተቀጡ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ከታሪኩ ሁሉ አስቂኙም ይሄ ነው። በ2016 እያንዳንዱ የሊግ ዋንና የሊግ ቱ ክለብ ቢያንስ አምስት የዋናው ቡድን ተጫዋቾችን በቋሚነት እንዲያሰልፍ ተገደደ። ብራድፎርድ ሲቲ ዋና ግብ ጠባቂውን ኮሊን ዶይልን አሰለፈና በሦስተኛው ደቂቃ ቀየረው። ደንቡ ተከበረ፣ ጨዋታው ቀጠለ! ሉተንና ፖርትስማውዝ ግን ደንቡን ጣሳችሁ ተብለው እያንዳንዳቸው 15,000 ፓውንድ ተቀጡ። በድምሩ 12 ክለቦች 60,000 ፓውንድ ከፍለዋል። ውድድሩ ታዳጊ ለማብቃት ተብሎ ተለውጦ፣ ሉተን የራሱን ታዳጊዎች አጫወተ ተብሎ መቀጣቱን ማን ያስረዳልን?

ጥያቄ፦ በስፔን ቢ ቡድኖች ሊግ ውስጥ አሉ፣ ማንም አይጮህም። እንግሊዞች አልተካበዱም?

ሊግ ውስጥ አዎ። ዋንጫ ውስጥ ግን የሉም። በ1980 የሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ካስቲያ የስፔን ዋንጫ (ኮፓ ዴል ሬይ) ፍጻሜ ደርሶ በገዛ ታላቅ ወንድሙ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ማድሪድ ሊጉንም በልቶ ስለነበር የዋንጫ አሸናፊው የአውሮፓ ቦታ ለካስቲያ ደረሰው፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን አውሮፓ ወጥቶ ከዌስትሃም ጋር ተጫወተ። ከ1990 በኋላ ስፔኖች ቢ ቡድኖችን ከኮፓው አስወጡ። ጀርመኖችም በ2008 ከዋንጫቸው አስወጥተዋል። "እነ ስፔንን እዩ" የሚሉ ሰዎች ይቺን ይዘሏታል።

ጥያቄ፦ አካዳሚ ዋንጫውን በልቶ ያውቃል?

እስከ 2025 ድረስ የለም። ቅርብ የደረሰው የ2018ቱ ቸልሲ ነው። እነ ሪስ ጄምስና ሃድሰን-ኦዶይ የተጫወቱበት ቡድን ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሊንከን ሲቲ በመለያ ምት ወደቀ። ሊንከንም ዋንጫውን አነሳ። ለልጆቹ ውድድሩ ጠቅሟቸዋል፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክለቦቹ ለምን አያስወጧቸውም?

ብር። በ2016/17 አንድ የምድብ ጨዋታ ማሸነፍ 10,000 ፓውንድ ያስገኝ ነበር። ለሊግ ቱ ክለብ ቀላል አይደለም። በ2017 እንደገና ድምፅ ሰጡ፣ አካዳሚዎቹም ቆዩ።

ጥያቄ፦ ደጋፊው የፈራው ሊግ ሦስት መጣ ወይስ ቀረ?

በእንግሊዝ ሊግ ውስጥ አልመጣም። ዋንጫው ግን ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ የናሽናል ሊግ (አምስተኛው እርከን) ክለቦችም ከፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች ጋር የሚጫወቱበት ዋንጫ አላቸው። በስኮትላንድ ደግሞ የሴልቲክና የሬንጀርስ ቢ ቡድኖች በ2021 ሎውላንድ ሊግ የሚባለው የስኮትላንድ አምስተኛ እርከን ገብተዋል፣ ያውም ሊግ። ፈሪ ተብሎ የተሳቀበት ደጋፊ ያን ያህል አልተሳሳተም።

ጥያቄ፦ አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?

ማክሰኞ ማታ ከአካዳሚ ጋር? አልገባም። ክለቤ ዌምብሌይ ከደረሰ ግን እሄዳለሁ። በ2025 ፒተርቦሮ በርሚንግሃምን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ከ70,000 በላይ ሰው ነበር፣ ከነሱ ውስጥ የምድብ ጨዋታዎቹን ያልገባው ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። አድማው እስከ ፍጻሜው ነው የሚሉት አክራሪዎች በኛ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።